ዳር ለምንኖር ሰዎች፦ ከመስቀል በኋላም ሚቆይ የአዲስ አመት እቅድ አወጣጥ

እንቁጣጣሽ ሲቃረብ ሁሉም ሰው እቅድ አለው፣ እንግሊዝኛ እማራለሁ፣ እቆጥባለሁ፣ ስፖርት እጀምራለሁ፣ መጠጥ አቆማለሁ ምናምን፣ ከዛ ደመራው በወደቀ በሳምንቱ እቅዱን ሚያነሳው ሰው የለም። ስለሰነፍን አይመስለኝም። ችግሩ አብዛኞቻችን እቅድ ምናወጣው የሌላ ሰው ኑሮ ላይ ነው፣ መሀል ከተማ ተከራይቶ ስራው በእግሩ ሚደርስ፣ 12 ሰአት ሳይሞላ ቤቱ ገብቶ ሻወር ሚወስድ ሰው አለ አይደል፣ እቅዱ ለሱ ቢሆን ይሰራል። አዲስ አበባ ዳር ዳሩን፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ፣ አራብሳ፣ የካ አባዶ፣ ጀሞ ለምንኖር ግን መጀመሪያ ስንት ሰአትና ስንት ብር እንደሚተርፈን ሳናውቅ ብናቅድ ትርፉ ድካም ነው።

ለዚ ስራ ጳጉሜን ተጠቀሙባት። 5 ቀን ናት፣ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ደሞ 6 ትሆናለች፣ ደሞዝ የሌላት ወር እያልን ከመቀለድ አንድ ማታ እንስጣት። ቁጭ በሉና የባንካችሁን አፕና ቴሌብርን ከፍታችሁ የሀምሌንና የነሀሴን ወጪ ሶስት ቦታ ክፈሉት፣ ቤት (ኪራይ፣ አስቤዛ፣ መብራት)፣ መንገድ፣ ሌላ። በካሽ የወጣውን በግምት ጨምሩበት። ሰው ኪራዩን ያውቃል፣ አስቤዛውንም ያውቃል፣ "ሌላ" ሚለው ላይ ሲደርስ ግን ዝም ይላል። ማኪያቶ፣ ካርድ፣ የሰርግ መዋጮ፣ ለዘመድ የተላከ፣ አንዳንዴ ሲመሽ የተያዘ ራይድ። ከዚ ውስጥ ሚቀነስም ማይቀነስም አለ፣ ለዘመድ ምትልኩትን በእቅድ እሰርዘዋለሁ ብላችሁ ራሳችሁን አታታልሉ፣ ደውለው ሲጠይቋችሁ ትልካላችሁ።

ቀጥሎ ሰአት እንቁጠር። ከቤት እስከ ስራ አንድ ሰአት ተኩል ሚፈጅ ከሆነ (ሰልፉንም ጨምሩ፣ ታክሲ ውስጥ የተቀመጣችሁበትን ብቻ አትቁጠሩ) መመለሻውም እንደዛው ሲሆን በቀን 3 ሰአት ነው፣ በሳምንት 5 ቀን 15 ሰአት፣ ሁለት የስራ ቀን ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ቅዳሜ ግማሽ ቀን ሚሰራ ሰው ደሞ የቅዳሜውን ይጨምርበት። ሰፈራችሁ ውሀ በፈረቃ ሚመጣ ከሆነ የውሀውን ቀን ሙሉ በሙሉ ከእቅድ አውጡት፣ የዛን ቀን ስራችሁ ልብስ ማጠብና በርሜል መሙላት ነው፣ ኦንላይን ኮርስ ሚከታተል ሰው አላየሁም። እንዲ እየቀነሳችሁ ስትመጡ በሳምንት ሚቀራችሁ ምናልባት 4 ወይ 5 ሰአት ነው። አያችሁ፣ እቅዱ ሚሰፋው ከዚ ጨርቅ ነው፣ ሙሉ ሱፍ አይወጣውም።

ስለዚ ስንት እቅድ ይያዝ? ሰአት ሚፈልግ አንድ፣ ብር ሚፈልግ አንድ፣ በቃ። ሁለቱ አይጋፉም። ሰአት ሚፈልጉ ሶስት ነገሮች ከያዛችሁ ግን እርስ በርስ ይበላላሉ፣ መጨረሻ ላይ ሚያሸንፈው ቲክቶክ ነው። መንገዱንስ አንጠቀምበትም ወይ ካላችሁ በጆሮ ሚሆን ነገር ብቻ አስቡ፣ የቋንቋ ትምህርት፣ ስብከት፣ ቁርአን፣ ትረካ፣ ማታ በለሊት ፓኬጅ አውርዳችሁ ስልኩን ኪስ ውስጥ አድርጋችሁ በኢርፎን መስማት ነው። አውቶብስ ውስጥ ቆማችሁ ስልክ አውጥታችሁ አነባለሁ ካላችሁ ሌባው ይደሰታል።

አሁን ምርጫው ላይ እንምጣ፣ ብዙ ሰው ቸኩሎ ሚያልፈው እዚ ጋ ነው። ግማሹ እቅዳችን የይሉኝታ ነው ባይ ነኝ። ጎረቤት መኪና ስለገዛ መኪና፣ የአክስት ልጅ ጋውን ለብሶ ፎቶ ስለለጠፈ ማስተርስ። ማስተርስ ራሱ ችግር የለበትም፣ መስሪያ ቤታችሁ ደረጃና ደሞዝ ሚጨምርበት ከሆነ ወይ ሙያ መቀየር ካሰባችሁ አሪፍ ነው፣ ግን ኤክስቴንሽን ማለት ዳር ለሚኖር ሰው ማታ ክላስ አልቆ ከመሀል ከተማ ታክሲ ፍለጋ መውጣት ማለት ነው፣ ስለዚ የቅዳሜና እሁድ ፕሮግራም መኖሩን ሳትጠይቁ እንዳትመዘገቡ። እቅዱ የናንተ መሆኑን ለማወቅ አንድ ጥያቄ ልስጣችሁ፦ ይሄ ነገር ቢሳካ ግንቦት ላይ ያለ አንድ ተራ ማክሰኞዬ በምን ይለያል? "ጠዋት ሳልጨናነቅ እወጣለሁ፣ ብር ተበደርኩ ብዬ አለቃዬን አላፍርም፣ ከልጄ ጋር የቤት ስራ እሰራለሁ" ካላችሁ ያዙት። መልሱ ሰው ምን እንደሚላችሁ ብቻ ከሆነ ተዉት፣ ለዚ ሲባል ሳምንታችሁ ላይ የቀረችውን 5 ሰአት አትስጡ።

የተመረጠውን ደሞ ቀንና ሰአት ያለው ስራ አድርጉት። "እንግሊዝኛዬን አሻሽላለሁ" ብሎ ነገር የለም፣ "ማክሰኞና ሀሙስ ራት ከተበላ በኋላ ግማሽ ሰአት፣ እሁድ ቡና ከተጠጣ በኋላ አንድ ሰአት" ይባላል። ራትና ቡና ያልኩት ለምን መሰላችሁ፣ ሰአት ይረሳል፣ መንገድ ይዘጋል፣ ራት ግን በ1ም ተበላ በ3 መበላቱ አይቀርም። መብራት ጠፍቶ ከሆነ ምን እንደምትሰሩም አብራችሁ ወስኑ፣ ደብተር ላይ ሚሰራ ወይ ቻርጅ ባለው ስልክ ሚሰማ ነገር ይኑራችሁ።

ስፖርት ላሰባችሁ አጭር ነገር፦ ከለሊቱ 10 ሰአት ተነስቼ እሮጣለሁ አትበሉ። ዳር ሰፈር ጅብ ቀልድ አይደለም፣ ውሻውም አለ። ሁለት ፌርማታ ቀድሞ ወርዶ መራመድ፣ ወይ ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ከሆናችሁ ጀሪካኑ ራሱ ስፖርት ነው።

ወደ ብሩ። በመስከረም ቁጠባ እጀምራለሁ ሚል ሰው የመስከረምን ወጪ አላሰበውም፣ የት/ቤት ክፍያ፣ ዩኒፎርም፣ ደብተር፣ የበአል ዶሮ፣ ወዲያው መስቀል ይመጣል፣ ጉራጌ ወዳጆቻችን ደሞ አገር ቤት መግባት አለባቸው። ስለዚ መስከረምን ለቀቅ አድርጓትና ቁጠባውን ጥቅምት 1 ጀምሩት፣ ጥቅምት ላይ ሰው ኪሱን ያውቃል። በእኔ ግምት ለኛ ሰው ከሁሉ ሚሻለው እቁብ ነው፣ ባንክ ሳታስቀምጡ ብትቀሩ ማንም አይቆጣችሁም፣ እቁብ ስታስቀሩ ግን የእቁቡ ዳኛ ይደውላል፣ ጎረቤት ያያል። ቅድም ያማሁት ይሉኝታ እዚ ላይ ይጠቅማል።

ግን አስልታችሁ ግቡ። 20 ሰው በሳምንት 1,000 ብር ሚጥልበት እቁብ እጣው 20,000 ነው፣ 20 ሳምንት ይፈጃል፣ ጥቅምት መጀመሪያ ከተጀመረ የካቲት አጋማሽ ላይ ያልቃል። መጀመሪያ የወጣለት ሰው ያለ ወለድ ተበደረ ማለት ነው፣ መጨረሻ ሚወጣለት ቆጠበ ማለት ነው፣ ግን እስከዛ እቃው ሊወደድበት ይችላል። ስለዚ ብሩን ምትፈልጉት ለአንድ ቁርጥ ላለ ነገር ከሆነ፣ ለስፌት ማሽን ወይ ለፍሪጅ፣ ቀደም ብላችሁ ብትወስዱ ይሻላል፣ እጣ ሚሸጥ ወይ ሚቀያየር ሰው አይጠፋም፣ ዳኛውን በጊዜ አናግሩት። ዋስ ከተጠየቃችሁ ደሞ ዋሱን ቀድማችሁ አዘጋጁ። ሙሉ ከከበዳችሁ ከአንድ ሰው ጋር ግማሽ ግማሽ እጣ ግቡ። እድርን ከዚ ጋር አታደባልቁት፣ እድር እቅድ አይደለም፣ ግዴታ ነው፣ መጀመሪያውኑ ከወጪው ጋር ይፃፍ።

የአመቱን ካላንደርም እዩት። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፣ የስጋና የቅቤ ወጪ ስለሚቀንስ ቆጣቢ ሰው እዛ ላይ ጨመር ማድረግ ይችላል፣ ያው ፋሲካ መጥቶ በበግ መልሶ እንዳይወስደው የተረፈውን ቶሎ ከእጃችሁ አርቁት። ማታ ማታ ሚያጠና ሰው ደሞ ሁዳዴ ላይ ጉልበቱ ስለሚደክም ፕሮግራሙን ያሳንስ። ሙስሊም ወንድም እህቶቻችንም ረመዳን በየአመቱ 11 ቀን ገደማ ቀደም እያለ ስለሚመጣ ዘንድሮ የት እንደሚውል አይታችሁ የዛን ወር እቅድ ከአሁኑ ቀንሱ፣ ከተራዊህ በኋላ ኮርስ እማራለሁ ማለት ከባድ ነው።

ለማን ይነገር ሚለው ላይ እኔ ለአንድ ሰው ብቻ እላለሁ። ፌስቡክ ላይ ለጥፎ 200 ላይክ ያገኘ ሰው የሰራ ያህል ይሰማዋልና ይተኛል። ለባል ለሚስት መንገሩም አንዳንዴ ጭቅጭቅ ያመጣል፣ ምታወጡት ብር የጋራ ካልሆነ። ቡና ምታጣጡት ጎረቤት፣ አብሯችሁ ታክሲ ሚሰለፍ የስራ ባልደረባ፣ እሱ ነው ሚሻለው፣ በየቀኑ ስለምታገኙት "እንዴት ሆነ ያ ነገር" ማለቱ አይቀርም።

አንድ ሳምንት ከቀረ ምንም አይደለም፣ ዝም ብላችሁ ቀጥሉ፣ የቀረውን ላካክሰው ብላችሁ እጥፍ አትስሩ። ሁለት ሳምንት በተከታታይ ከቀረ ግን እቅዱ በዝቷል ማለት ነው፣ በግማሽ ቀንሱት፣ ሁለት ቀን የነበረው አንድ ቀን፣ 1,000 የነበረው 500 ይሁን (እቁብ ከሆነ ግን ያን ዙር መጨረስ ግድ ነው፣ ሚቀነሰው ቀጣዩ ዙር ላይ ነው)።

ገና ካለፈ በኋላ ባለው እሁድ ደሞ እቅዱን የፃፋችሁበትን ወረቀት አውጥታችሁ እዩት። እስከዛ ሶስት ወር ምናምን ስለሚሆን የሚሄደውና ማይሄደው ይለያል። የማይሄደውን ሰርዙት፣ አመት ሙሉ ተሸክማችሁት አትዙሩ። ስትሰርዙ ግን የተለቀቀችውን ሰአት በዛው ቀን ሌላ እቅድ አታስገቡባት፣ ለተወሰነ ሳምንት ተኙባት፣ ከአራብሳ ለስራ 11 ሰአት ሚነሳ ሰው መጀመሪያ የጎደለው እንቅልፍ ነው።