ከለንደን ሮም ሲበሩ፦ በርቀትና በሰዓት ስሌት ላይ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የመኪናን መንገድ ለአውሮፕላን ማስላት። ከለንደኑ ኤርፖርት ሂትሮው እስከ ሮሙ ኤርፖርት ፊውሚቺኖ በአየር መስመር 1,440 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የመኪናው መንገድ ግን ከ1,800 ይበልጣል። አንዳንድ ቦታ ርቀቱ 780 ተብሎ ያገኙታል፤ ይህ በባሕር ማይል ነው፣ አንዱ 1.852 ኪሎ ሜትር። እንደ ተራ ማይል ከቆጠሩት 190 ኪሎ ሜትር ያህል ይጎድልብዎታል።

ርቀቱን ለፍጥነት አካፍሎ መተው። 1,440 ኪሎ ሜትር በሰዓት 830 ኪሎ ሜትር ለሆነ ፍጥነት ሲካፈል 1 ሰዓት ከ44 ደቂቃ ይወጣል፤ ትኬቱ ግን 2 ሰዓት ተኩል አካባቢ ይላል። የትኬቱ ሰዓት የሚቆጠረው አውሮፕላኑ ከመቆሚያው ከተንቀሳቀሰበት ጊዜ ጀምሮ ሮም መቆሚያው ላይ እስኪደርስ ነው። ሂትሮው ላይ ወደ ማኮብኮቢያው ሄዶ ተራ መጠበቅ ብቻ 20 ደቂቃ ሊወስድ ይችላል። ሽቅብ ሲወጣና ቁልቁል ሲወርድ ደግሞ ያን ፍጥነት አይበርም። በመልሱ ጉዞ ከምዕራብ የሚነፍሰው ኃይለኛ ነፋስ ፊት ለፊት ስለሚመጣ ጥቂት ደቂቃ ይጨመራል።

የመነሻውን ሰዓት ከመድረሻው እንዲሁ መቀነስ። ሮም ዓመቱን ሙሉ ከለንደን በ1 ሰዓት ትቀድማለች። ሁለቱም ሰዓታቸውን የሚቀይሩት በማርችና በኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ፣ በአንድ ቅጽበት ስለሆነ ልዩነቱ አይለወጥም። 10:00 ተነስቶ 13:30 የሚደርስ በረራ 2 ሰዓት ተኩል ነው እንጂ 3 ሰዓት ተኩል አይደለም። ከሮም 14:30 ተነስቶ ለንደን 16:15 የሚደርሰው ደግሞ 2 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ነው።

ለእኛ ሰው ግን ከሁሉም የከፋው የአገር ቤቱን ሰዓት ከትኬቱ ጋር ማደባለቅ ነው። 06:00 ማለት ከንጋቱ 12 ሰዓት ነው። «በረራዬ 6 ሰዓት ነው» ብለው ለሸኚ ከነገሩት፣ እሱ ሲመጣ አውሮፕላኑ ሮም ካረፈ ቆይቷል። ማክሰኞ 00:20 ተብሎ ለተጻፈ በረራም ከቤት የሚወጡት ሰኞ ማታ ነው።

«ለንደን» የሚለውን ስም ብቻ ማየት። ከለንደን ኤርፖርቶች አንዱ የሆነው ስታንስቴድ ከመሀል ከተማው 60 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ለንደን ውስጥ ካለው የሊቨርፑል ስትሪት ጣቢያ በባቡር 50 ደቂቃ አካባቢ ነው። ሮምም ሁለት ኤርፖርት አላት። ፊውሚቺኖ 30 ኪሎ ሜትር ቢርቅም ፈጣኑ ባቡር በ32 ደቂቃ የሮም ዋና ባቡር ጣቢያ ቴርሚኒ ያደርሳል። ቻምፒኖ ቅርብ ነው፣ ግን ተርሚናሉ ድረስ የሚገባ ባቡር የለውም። ርካሹን ትኬት ከመግዛትዎ በፊት የአውቶቡሱንና የባቡሩን ዋጋ ይደምሩበት።

መዘግየት ሲያጋጥም የተሳሳተ ካሳ መጠየቅ። በአውሮፓ ሕብረት ደንብ 261/2004 ርቀት የሚለካው በአየር መስመር ነው። ይህ መስመር ከ1,500 ኪሎ ሜትር በታች ስለሆነ፣ በአየር መንገዱ ጥፋት 3 ሰዓትና ከዚያ በላይ ዘግይተው ከደረሱ ካሳው 250 ዩሮ ነው፤ ከለንደን ሲነሱ በብሪታንያ ደንብ 220 ፓውንድ። በመኪና ርቀት አስልተው 400 ቢጠይቁ አያገኙም። መድረስ የሚባለው ጎማው መሬት የነካበት ሳይሆን የአውሮፕላኑ በር የተከፈተበት ጊዜ ስለሆነ፣ 2 ሰዓት ከ50 ዘግይቶ ያረፈ በረራ በሩ እስኪከፈት 3 ሰዓት ሊሞላ ይችላል። በሩ ሲከፈት ሰዓቱን በስልክዎ ፎቶ ያንሱ።