ፊያት 124 ስፓይደርን ገዝቶ ባሕር ዳር ላይ መያዝ

ጣሪያው የሚታጠፍ አሮጌ ፊያት 124 ስፓይደር ለሽያጭ ሲቀርብ ብዙ ገዢ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ሞተሩ ነው። መጠየቅ ያለበት ስለ ላሜራው ነው። የደከመ ሞተር ጥሩ መካኒክ ያድሰዋል፤ ወለሉና ጎኑ ውስጥ ውስጡን የበሰበሰ መኪና ግን ገንዘብ ሲበላ ይኖራል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለከለከለ፣ መፈለግ የሚቻለው አገር ውስጥ ካሉት፣ ሰሌዳና ሊብሬ ካላቸው መሐል ብቻ ነው። እንዲህ ያለ መኪና በተገኘ ቁጥር መጣደፍ ይመጣል። አይጣደፉ።

መኪናው እ.ኤ.አ. በ1966 በቱሪን የመኪና ትርኢት ቀርቦ እስከ 1985 ተሠርቷል። የሞተሩ መጠን እንደ ዘመኑ ከ1438 እስከ 1995 ሲሲ ይደርሳል። በሻንሲ ቁጥሩ ላይ ከ124 ቀጥሎ ያለው ፊደል ዘመኑን ይናገራል፦ ኤ.ኤስ. እና ቢ.ኤስ. 1438 ሲሲ፣ ቢ.ኤስ.1 ደግሞ 1608 ሲሲ፣ ሲ.ኤስ. 1592፣ ሲ.ኤስ.1 1756 ሲሲ ይዘው ወጥተዋል። ሞተሩ ከሻንሲው ጋር የማይሄድ ከሆነ ተቀይሯል ማለት ነው። መቀየሩ በራሱ ጥፋት አይደለም፤ ለውጡ ሊብሬው ላይ ካልሰፈረ ግን ስም ለማዛወር ሲሄዱ ጉዳዩ እዚያው ይቆማል። ስለዚህ ከክፍያ በፊት ሻንሲውና ሞተሩ ላይ የተመታውን ቁጥር በዓይንዎ አይተው ከሊብሬው ጋር ፊደል በፊደል ያመሳክሩ። እዳና እገዳ እንደሌለበት ያረጋግጡ። በቀረጥ ነጻ የገባ ከሆነ ቀረጡ ለመከፈሉ ማስረጃ ይጠይቁ።

አሁን ወደ ላሜራው። ጣሪያ የሌለው መኪና ጥንካሬውን የሚያገኘው ከወለሉና ከበሩ ሥር ካለው ባዶ የላሜራ ሳጥን ነው። ያ ሳጥን ከዛገ መኪናው መሐሉ ላይ ይጎብጣል። መፈተኛው ቀላል ነው። ሁለቱንም በር ዘግተው ከፊት ጎማ ኋላ፣ ጠንካራ ቦታ ላይ ክሪክ ያስገቡና ጎማው ከመሬት እስኪለቅ ያንሡት። ከዚያ በሩን ይክፈቱ፣ ይዝጉ። በሩ ከነከሰ ወይም በበሩና በፓራፋንጎው መካከል ያለው ክፍተት ከላይ ከጠበበ አካሉ ተዳክሟል፤ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ይተዉት። ቀጥሎ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልለው የበሮቹን ታች፣ የፓራፋንጎውን ዳርና የፖርታባጋሊዮውን ወለል ይዳብሱ። ማግኔቱ የማይዝበት ቦታ ሁሉ ስቱኮ፣ ማለትም በላሜራ ፋንታ የተሞላ ልስን ነው። ኮፋኖውን ከፍተው የፊት አሞርዛቶር ከላይ የሚታሰርበትን ቦታ በካቻቢቴ ጫፍ ይጫኑ፤ ይህ መኪና ከሁሉም በላይ የሚዝገው እዚያ ነው። ባትሪው ከኋላ የሆነ ከሆነ ከባትሪው ሥር ያለውን ላሜራም ይዩ፤ የፈሰሰ አሲድ ይበላዋል። ከሥር ገብተው ደግሞ ሞተሩንና የፊት እግሮቹን የተሸከመውን የብረት ድልድይ በብሩሽ አጽድተው ስንጥቅ ይፈልጉ። ስንጥቅ ካለ ከብየዳ በፊት ሞተሩ መነሣት አለበት።

ሞተሩ ላይ ኮምፕሬሽን፣ ማለትም ሲሊንደሮቹ ውስጥ የሚታመቀውን አየር ግፊት ያስለኩ። ሞተሩ ሙቅ ይሁን፣ አራቱም ካንዴላ ይውጣ፣ ቤንዚን መስጫው እስከ መጨረሻ ይረገጥ፣ ከ5 እስከ 6 ዙር ይምታ። እዚህ ላይ ብዙ ጤነኛ ሞተር በስህተት ይወገዛል። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች፤ አየሩ በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። በባሕር ወለል ላይ ባለ ከተማ 155 ፒ.ኤስ.አይ. (የግፊት መለኪያ) የሚያሳይ ሞተር እዚህ 125 አካባቢ ቢያሳይ ልክ ነው። ሊያሳስብዎት የሚገባው በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው፤ ከ15 በመቶ ካለፈ ቫልቮላ፣ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ወይም የቴስታታ (የሞተር ራስ) ጓርኒሲዮን አለቀ ማለት ነው።

ሁለቱን ካምሻፍት፣ ማለትም ቫልቮላዎቹን የሚከፍቱትን ዘንጎች የሚያዞረው የጎማ ቺንጋ (ቀበቶ) ነው። ሻጩ «በቅርቡ ተቀይሯል» ቢልም ደረሰኝ ከሌለ እንዳልተቀየረ ይቁጠሩት። ሞተሩን ሥራ ላይ ከማዋልዎ በፊት ቺንጋውን፣ የመወጠሪያውን ኩሽኔታና የካምሻፍቶቹን የዘይት ጎሚኒ አብረው ይቀይሩ፤ ከጎሚኒው የሚንጠባጠብ ዘይት አዲሱን ቺንጋ ያበላሸዋል። ከዚያ በኋላ በየ40,000 ኪሎ ሜትሩ ወይም በየሦስት ዓመቱ፣ ቀድሞ የመጣው ይሁን። ቺንጋው ከሁለቱ ካምሻፍት ሌላ የዘይት ፓምፑን የሚነዳ ሦስተኛ ትንሽ ዘንግ ያዞራል፤ ለዚህ ሞተር አዲስ የሆነ መካኒክ የሚስተው እሱን ነው። ምልክቱ ሳይገጥም ከታሰረ ዘንጉ ላይ ያለው የቤንዚን ፓምፕ መግፊያ ጉብታ ከቢየላ (ፒስተኑን ከሚይዘው ክንድ) ጋር ሊጋጭ ይችላል። ገጥሞ ካለቀ በኋላ ሞተሩን በብሎን መፍቻ ቁልፍ በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር ያዙሩትና ምልክቶቹን እንደገና ይዩ። በእጅ ሲዞር አንድ ቦታ ከያዘ በሞተርኖ አይሞክሩት።

አዲስ አበባ የተስተካከለ መኪና ባሕር ዳር ሲመጣ ካርቡራተሩ ይዛባል። አዲስ አበባ ከዚህ ከ500 ሜትር በላይ ከፍ ስለምትል፣ እዚያ ጄቱ (ካርቡራተሩ ውስጥ ቤንዚን የሚያልፍበት ቀዳዳ ያለው ዕቃ) ጠበብ ተደርጎ የነበረ ሞተር እዚህ ቤንዚን ያንሰዋል፤ ካንዴላው ነጭ ይሆናል፣ ሞተሩ ይሞቃል። ከፋብሪካ እንደወጣ ያለ ካርቡራተር ደግሞ በተቃራኒው ቤንዚን ይበዛበታል፤ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል። የዌበር ካርቡራተር ጄት ላይ የተጻፈው ቁጥር የቀዳዳው ስፋት በሚሊ ሜትር መቶኛ ነው፤ 125 ማለት 1.25 ሚሊ ሜትር። ለባሕር ዳር ከፋብሪካው ቁጥር አንድ ደረጃ፣ ማለትም 5 ቁጥር ዝቅ አድርገው ይጀምሩ። ካንዴላው የቡና ወተት ቀለም ሲያመጣ ይተዉት። ጄት በመርፌ ወይም በሽቦ መጎርጎር ግን ቀዳዳውን ስለሚያሰፋ በጥብቅ መከልከል አለበት።

ውኃም እንደዚሁ ነው፤ በዚህ ከፍታ በ94 ዲግሪ ይፈላል። የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ካልያዘ ፋኑ መሥራት በሚጀምርበት ሙቀትና በመፍላት መካከል የሚቀረው ጥቂት ዲግሪ ነው። ክዳኑን በአዲስ ይቀይሩ፤ ግማሽ ኩላንት፣ ግማሽ የተጣራ ውኃ ይሙሉ፤ ከ7.5 እስከ 8 ሊትር ይበቃል። የቴስታታው አሉሚኒየም በቧንቧ ውኃ ብቻ ሲኖር ይበላል።

መለዋወጫ ላይ ትልቁ መጽናኛ ላዳ ነው። ላዳ 2101 እ.ኤ.አ. በ1970 በፊያት ፈቃድ መመረት የጀመረው ከ124 የቤት መኪና ተወስዶ ነው፤ ስለዚህ ጎማው የሚታሰርበት የብሎን ርቀት በሁለቱም 4 በ98 ሚሊ ሜትር፣ የብሎኑ ጥርስም 12 በ1.25 ነው። 165/80 R13 ጎማ ለሁለቱም ይሆናል። ለቴስቲና (የመሪ ዘንግ መጋጠሚያ) እና ለፊት ጎማ ኩሽኔታ መጀመሪያ ላዳ ሱቅ ይጠይቁ፤ ግን አሮጌውን ዕቃ ይዘው ይሂዱና ኩሽኔታው ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ያመሳክሩ። የሞተር ዕቃ ከላዳ አይፈልጉ፤ የላዳ ሞተር አንድ ካምሻፍት ያለው ሌላ ሞተር ነው። የኋላ ፍሬንም አይገጥምም፤ የስፓይደር አራቱም ጎማ ዲስክ ነው፣ የላዳ ኋላ ከበሮ።

መኪናውን ከአዲስ አበባ የሚያመጡት ከሆነ በጭነት መኪና ይጫኑት። ዓመታት ቆሞ የነበረ ፍሬን ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ቁልቁለት መፈተን የለበትም። ሲጭኑ አራቱንም ማዕዘን ከጎማው ላይ በገመድ ይሰሩ፣ ከላሜራው ላይ አይሁን። ከደረሰ በኋላ የፍሬን ዘይቱን በሙሉ ያስቀይሩ፤ የጎማ ቱቦዎቹን ደግሞ ውጫቸው ደህና ቢመስልም ይቀይሩ፣ ሲያረጁ ከውስጥ ያብጣሉና።

የሸራ ጣሪያው እርጥብ ሳለ አይታጠፍ፤ ይሻግታል፣ ስፌቱም ይበሰብሳል። የኋላው ፕላስቲክ መስኮት ጠዋት በብርድ ከታጠፈ ይሰነጠቃል፤ ፀሐይ ለስለስ እስኪያደርገው ይጠብቁ። ሐይቁ ዳር በሚገኙት ትልልቅ ዛፎች ሥር ጥላ ፍለጋ ማቆም ያጓጓል፤ የወፍ ኩስ ግን ሸራውንና ቀለሙን ስለሚበላ በዚያው ቀን በብዙ ውኃ ይታጠብ፣ ደርቆ አይፈተግ።

ክረምት ሲገባ ሳልቫትዮውን (የቤንዚን ታንከሩን) ሙሉ ያድርጉት፤ ባዶው ቦታ ላይ ጤዛ ይሠራል፣ ታንከሩ ከውስጥ ይዝጋል። ባትሪውን ይፍቱ። መኪናውን ሲሚንቶ ወለል ላይ አቁመው በአቡጀዲ ያልብሱት እንጂ በላስቲክ አይሸፍኑት፤ ላስቲክ እርጥበቱን ይዞ ያስቀራል። የእጅ ፍሬኑን ለቀው ጎማውን በእንጨት ይደግፉ፤ ዝናቡ ጋብ ባለ ቀን ጣሪያውን ዘርግተው በሮቹን ለአንድ ሰዓት ይክፈቱ። ከበሩ ታች ያሉትን ትንንሽ የውኃ መውጫ ቀዳዳዎች ከሐምሌ በፊት በቀጭን ዱላ ይክፈቱ፤ ከተደፈኑ ውኃው በሩ ውስጥ ተጠራቅሞ እስከ መስከረም ይቆያል።