ከኤሌክትሪክ ወደ ቦክስ ጊታር፦ ስትገዙ ምን ታያላችሁ?

ለዓመታት ኤሌክትሪክ ጊታር የተጫወተ ሰው ቦክስ ጊታር፣ ያለ ኤሌክትሪክ በሳጥኑ የሚጮኸውን፣ ሊገዛ ሲሄድ ጆሮውን ብቻ ይዞ ይሄዳል። ድምፁ ያማረውን ገዝቶ ይመለሳል። ከዚያ ባሬ ኮርድ (በአንድ ጣት ክሮቹን ሁሉ ተጭኖ የሚያዘው) አልያዝ ይለዋል፣ ጣቱ ይቃጠላል፣ ጊታሩም ግድግዳ ላይ ይቀራል። እኔ የምለው መጀመሪያ እጃችሁን አስመርጡት ነው።

ክሩ ብረት መሆኑን እዩ። የናይለን ክር ያለው ክላሲካል ጊታር አንገቱ ነት ላይ (ክሮቹ በአንገቱ ጫፍ የሚያርፉባት ቁራጭ ላይ) 52 ሚሊሜትር ገደማ ይሰፋል፤ ለእናንተ ሜዳ ነው። «ርካሽ ነው፣ ብረት ክር አስሬበት እጫወታለሁ» እንዳትሉ። የብረት ክር ጉተታ ብሪጁን፣ ክሩ ሳጥኑ ላይ የሚታሰርበትን እንጨት፣ ይነቅለዋል።

ቦክስ ጊታሮች አብዛኛውን ጊዜ ነት ላይ 43 ወይም 44.5 ሚሊሜትር ናቸው። 43ቱ ከኤሌክትሪኩ ብዙም አይርቅም። በፒክ (በመምቻዋ) ሳይሆን በጣት የምትመቱ ከሆነ ሰፊውን ሞክሩት።

ከዚያ የክሩ ርዝመት። ለምሳሌ ያማሃ ኤፍጂ800 ከነት እስከ ብሪጅ 650 ሚሊሜትር ነው፤ ወንድሙ ኤፍኤስ800 634። አጭሩ ላይ ክሩ ለጣት ይለሰልሳል፣ ሳጥኑም አነስ ያለ ስለሆነ ክንድ አይደክምም። ትልቁ ድምፁ ግርማ አለው፤ ለዘፈን አጃቢ ካልሆናችሁ ግን እኔ ትንሹን እመርጣለሁ።

አሁን ወደ ዋናው፦ የክር ከፍታ። ገዢ የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ትንሽ ማስመሪያ ይዛችሁ ሂዱ። 12ኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ የተጋደመው ቀጭን ብረት) ላይ፣ ከፍሬቱ አናት እስከ ወፍራሙ ክር ሥር ለኩ። ኤሌክትሪክ ላይ 1.5 ወይም 2 ሚሊሜትር ለምዳችኋል። ቦክስ ላይ 2.5 ገደማ ጥሩ ነው። ከ3 ካለፈ ምክንያቱን ፈልጉ።

ብሪጁ ላይ የተሰካችውን ነጭ ቁራጭ፣ ሳድሏን፣ እዩ። በደንብ ብቅ ብላ ከቆመች ችግር የለም፤ ሥሯ ይሞረዳል። 12ኛው ፍሬት ላይ 1 ሚሊሜትር ለማውረድ ከሳድሏ 2 ሚሊሜትር መቀነስ አለበት። ሳድሏ ቀድሞውኑ ዝቅ ብላ ክሩ አሁንም ከፍ ካለ ግን ተዉት። የአንገቱ ማዕዘን ሄዷል ወይም የሳጥኑ ፊት አብጧል። ያንን ማስጠገን ከርካሽ ጊታር ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ሻጩ «በቁልፍ አጠብቀዋለሁ፣ ይወርዳል» ካለ አትመኑት። በአንገቱ ውስጥ ያለው ብረት የአንገቱን ጉብጠት ያስተካክላል እንጂ የተበላሸ ማዕዘን አያድንም።

ነቱንም አትርሱ። ክሩን 3ኛው ፍሬት ላይ ተጫኑና 1ኛው ፍሬት ላይ ያለውን ክፍተት እዩ። የፀጉር ያህል ይበቃል። ከዚያ ከሰፋ ኤፍ ኮርድ ያስለቅሳል፣ ድምፁም ከቅኝት ይወጣል። ደግነቱ ይህ በትንሽ ሞረድ የሚስተካከል ነው።

ክሩን በተመለከተ፣ ከፋብሪካ ብዙ ጊዜ 12 ቁጥር ታስሮበት ይመጣል። ቀጠን ባለው 11 አስቀይሩ። ያም ሆኖ ሦስተኛው ክር እንደ ኤሌክትሪኩ ልሙጥ አይደለም፣ ሽቦ የተጠመጠመበት ነው። ትዝታ ስትጫወቱ እሱን ሙሉ ድምፅ ቤንድ ማድረግ (ክሩን በጣት ገፍቶ ድምፁን ማሳደግ) ይከብዳል፤ በስላይድ፣ ጣትን ክሩ ላይ እያንሸራተቱ፣ መሄድን ልመዱ።

የድምፅ ቀዳዳውን ጠርዝ ተመልከቱ። የእንጨቱ መስመር ከላይ እስከ ታች ሳይቋረጥ ከወረደ ፊቱ አንድ ወጥ እንጨት ነው። ድርብርብ ከታየ ኮምፔንሳቶ ነው። ወጥ እንጨት ድምፁ ይበልጣል፣ ድርቀት ግን አይወድም። የአዲስ አበባ በጋ ሊሰነጥቀው ስለሚችል በኬዙ ውስጥ እርጥበት ሰጪ አስቀምጡለት። አሮጌ ከሆነ በአንገቱ ጠርዝ እጃችሁን አንሸራትቱ፤ የፍሬቶቹ ጫፍ ከቧጠጣችሁ እንጨቱ ደርቆ ተኮማትሯል ማለት ነው።

ፒካፕ (የክሩን ድምፅ ወደ ድምፅ ማጉያ የሚያስተላልፈው ዕቃ) ያለው ከሆነ መጀመሪያ ሳትሰኩት ስሙት። ስትሰኩትም በኤሌክትሪክ ጊታር አምፕ አትፍረዱበት፤ ቀጭኑን ድምፅ ይውጠዋል። ሚክሰር ላይ ሰኩት። መድረክ የማትወጡ ከሆነ ደግሞ የፒካፑን ገንዘብ ወጥ እንጨቱ ላይ አውሉት።

ዋጋ ስትነጋገሩ ክሩን የማስቀየሪያውንና የማስሞረጃውን ሒሳብ ከጊታሩ ላይ አስቀንሱ።