አሮጌ የውሃ ጉድጓድ በሲሚንቶ እንዴት እንደሚደፈን

ባሕር ዳር ላይ ጉድጓድ የቆፈረ ሰው ድንጋዩን ያውቀዋል። ጥቁር ነው። ሲሰበር እንደ እንጀራ ዓይን አለው። ጣናን ከደቡብ በኩል የገደበው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ይኸው ነው። ውሃ ለማግኘት ግሩም ነው። ጉድጓድ ለመድፈን ግን ያስለቅሳል፤ ያፈሰሳችሁበትን ሁሉ ጭልጥ አድርጎ ይጠጣል።

ለምን ይደፈናል ለሚል፦ የተተወ ጉድጓድ የክረምት ጎርፍና የሽንት ቤት ፍሳሽ በቀጥታ ወደ ከርሰ ምድር ውሃ የሚወርድበት ቀዳዳ ነው። አፉን በቆርቆሮ ከድኖ፣ ድንጋይ ጭኖ መሄድ መድፈን አይደለም። ሲሚንቶ ከላይ መገልበጥም መድፈን አይደለም። ውሃ ውስጥ 50 ሜትር ቁልቁል የወደቀ ሲሚንቶ ታች የሚደርሰው ታጥቦና ተበታትኖ ነው።

ትክክለኛው መንገድ ሲሚንቶውን በቱቦ ታች ድረስ ማውረድ ነው። ቱቦው ውስጥ ያለውና ከቱቦው ውጭ ያለው ሲሚንቶ እኩል ከፍታ ላይ ሲሆኑ ታቆማላችሁ። ከዚያ ቱቦውን ቀስ ብላችሁ ትስባላችሁ። እንዲህ ጉድጓዱ ውስጥ የሚቀረውን ሲሚንቶ ሪግ ላይ፣ ማለትም መቆፈሪያው ማሽን ላይ «ፕለግ» ነው የምንለው፤ እኔ እዚህ ውታፍ እለዋለሁ።

በምሳሌ እንሂድ። ጉድጓዱ ባለ 8 ኢንች ነው፣ ኬሲንግ (ግድግዳውን የሚደግፍ ቱቦ) የለውም፣ ጥልቀቱ 70 ሜትር ነው። ውሃው ከአፉ 9 ሜትር ዝቅ ብሎ ይቆማል። ከ60 እስከ 40 ሜትር ያለውን መድፈን ፈልገናል።

መጀመሪያ ለሲሚንቶው አልጋ አንጥፉለት። ሲሚንቶ ከውሃ ወደ ሁለት እጥፍ ይከብዳል። ከስሩ ውሃ ብቻ ካለ ውሃውን እየሰነጠቀ ወደ ታች ይሄዳል፣ እናንተ ደግሞ ላይ ቆማችሁ ውታፍ ሠራን ትላላችሁ። ከ70 እስከ 60 ሜትር ያለውን በታጠበ ጠጠር ሙሉት፣ የላይኛዋን አንድ ሜትር በደቃቅ አሸዋ ጨርሱ። ጠጠሩን በአካፋ ቀስ በቀስ ጨምሩ። በጋሪ ከገለበጣችሁት መሃል ላይ ይቀረቀራል። በመለኪያ ገመድ 60 መድረሱን ሳታረጋግጡ ወደ ሲሚንቶ አትሂዱ።

ቀጥሎ ሂሳቡ ነው። ባለ 8 ኢንች ጉድጓድ በሜትር 32.4 ሊትር ይይዛል። 20 ሜትር ማለት 648 ሊትር ነው። ዓይናማው ድንጋይ የሚጠጣውን 20 በመቶ ስትጨምሩበት 778 ሊትር ይሆናል። አንድ ባለ 50 ኪሎ ከረጢት በ23 ሊትር ውሃ ሲበጠበጥ ወደ 39 ሊትር ይወጣዋል። ስለዚህ 20 ከረጢት፣ ማለትም 10 ኩንታል ያስፈልጋል። ውሃው 460 ሊትር ነው፤ ሁለት በርሜልና ሦስት ጀሪካን።

ሲሚንቶው ኦፒሲ (ተራው ፖርትላንድ) ይሁን። ፒፒሲ (ፖዞላና የተቀላቀለበት) ርካሽ ነው ብለው የሚከራከሩኝ አሉ፤ ቶሎ ስለማይጠነክር እኔ ለዚህ ሥራ አልገዛውም። ክረምት ላይ የተከማቸ ከሆነ ጓሉን በወንፊት ለዩ፤ አንዲት ጓል ቱቦ ትዘጋለች። የኮንክሪት ሚክሰር አትከራዩ፣ ለዚህ አይሆንም። በርሜል ውስጥ በፓምፕ እያዞሩ መበጥበጥ ይሻላል።

የቀን ሠራተኛው «ትንሽ ቀጠን ይበል፣ ይከብዳል» ይላችኋል። እሺ እንዳትሉ። በአንድ ከረጢት 23 ሊትር ብላችሁ ጀሪካኑ ላይ ምልክት አድርጉ። የጭቃ ሚዛን (ቆፋሪዎች የብጥብጥ ክብደት የሚለኩበት) ከሌላችሁ የ1 ሊትር ሃይላንድ በብጥብጡ ሞልታችሁ በኩሽና ሚዛን መዝኑ። የፕላስቲኩ ክብደት ሲቀነስ 1.9 ኪሎ ገደማ መሆን አለበት። 1.7 ካነበበ ውሃ በዝቷል።

ቱቦው ባለ 2 ኢንች ጋልቫናይዝድ ይሁን። የታችኛውን አፉን ዝጉትና ጎን ለጎን ብሱት። ሲሚንቶው ቁልቁል ተወርውሮ አልጋውን እንዳይቆፍር ነው። ማውረዱን ለማንም ማስተማር አያስፈልግም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣን። ሲሚንቶው ገብቶ ካለቀ በኋላ፣ ቱቦው ውስጥ የቀረውን ወደ ልኩ ቦታ የሚገፋ ውሃ ይከተላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። እኔም ተሳስቻለሁ።

ባለ 2 ኢንች ቱቦ ውስጡ በሜትር 2.16 ሊትር ይይዛል። በቱቦውና በጉድጓዱ ግድግዳ መካከል ያለው ደግሞ 29.6 ሊትር ነው። ድምሩ 31.7 ይሆናል። 778ን ለ31.7 ስታካፍሉ ሲሚንቶው ቱቦው ሳይወጣ 24.5 ሜትር ይቆማል። ስለዚህ የሲሚንቶው ጫፍ ከጉድጓዱ አፍ 35.5 ሜትር ዝቅ ብሎ ነው። የመጀመሪያዬ ጊዜ 35.5ን በ2.16 አባዛሁና 77 ሊትር አገኘሁ። ሞላሁት። ቱቦው እስከ አፉ ጢም አለ። ደስ አለኝ።

ውሃው ግን ከአፉ ሳይሆን 9 ሜትር ዝቅ ብሎ ነበር የሚቆመው። ውጭው 9 ሜትር ባዶ ሆኖ ውስጡ እስከ አፍ ከሞላ ሚዛን የለም። ሊቆጠር የሚገባው ከ9 እስከ 35.5 ያለው 26.5 ሜትር ነው፤ 57 ሊትር። እኔ 20 ሊትር አብዝቻለሁ። አንድ ጀሪካን!

ያኔ ከዘንዘልማ ወዲያ ነበርን። የመጀመሪያውን መጋጠሚያ ስንፈታ ውሃው ፊታችን ላይ ፈነዳ። ጋሼ የምንለው አንጋፋ ቆፋሪያችን ቁልፉን እንደያዘ ቆመና «ልጄ፣ እርጥብ ወጣብህ» አለኝ። አልገባኝም። ልብሴን ያለኝ ነበር የመሰለኝ፤ እሱ ግን ስለ ቱቦው ነበር ያወራው። ቱቦው ገና ሲሚንቶው ውስጥ ሳለ የተረፈው ውሃ መሃሉ ላይ እየፈሰሰ ነበር። በማግስቱ ቱቦ ስናወርድ 40 ሜትር ላይ መቆም ሲገባው እንደ ጭቃ ሰምጦ 47 ላይ ቆመ። የባከነውን ሲሚንቶ ከደመወዜ ከፈልኩ።

ስለዚህ 57 ከሆነ 53 ሊትር አስገቡ። ማነስ አይጎዳም። ቱቦው ውስጥ ትንሽ የተረፈ ሲሚንቶ ስትስቡ በራሱ ይወርዳል። መብዛት ግን ውታፉን ያጥበዋል። መጋጠሚያው ሲፈታ ደረቅ ከሆነ ልክ ናችሁ።

ሁለት ማሳሰቢያ አለ። ሲሚንቶው ሲገባ ጉድጓዱ ውስጥ ያለው ውሃ ሽቅብ ይወጣል። በእኛ ድንጋይ ቶሎ ይመለሳል። ውሃ የማይጠጣ ድንጋይ ከሆነ ግን አይመለስም፤ ያኔ ጉድጓዱን አስቀድማችሁ እስከ አፉ ሙሉና ከአፉ ቁጠሩ። ሁለተኛ፣ ጉድጓዱ ውስጥ ያለው ውሃ ሳይሆን የቤንቶናይት ጭቃ (ለቁፋሮ የሚበጠበጥ ሸክላ) ከሆነ ከሲሚንቶው ፊትና ኋላ ንጹህ ውሃ አስገቡ። የፊተኛው ከቱቦው ውጭ፣ የኋለኛው ቱቦው ውስጥ ስለሚቆም መጠኑ እኩል አይደለም፣ ከፍታው ነው እኩል የሚሆነው። ለ5 ሜትር ከፊት 148 ሊትር፣ ከኋላ 11 ሊትር ብቻ።

አሳሳቡ በዝግታ ይሁን። ባለ 6 ሜትሩን ቱቦ ቢያንስ በአንድ ደቂቃ አውጡ። ቶሎ ስትስቡ ቱቦው በሄደበት ውሃ ይገባል። አምስት ቱቦ አውጥታችሁ የቱቦው ጫፍ 30 ሜትር ላይ ሲደርስ ቱቦውን በውሃ እጠቡ። መበጥበጥ ከጀመራችሁ እስከዚህ 45 ደቂቃ ባያልፍ ጥሩ ነው። ስለዚህ ምሳ ከሥራው በፊት ይበላ።

24 ሰዓት ጠብቁ። ሃይላንድ ቆርጣችሁ ከብጥብጡ ጥቂት ጨምሩበትና ጥላ ስር አስቀምጡ፤ እሱ በጥፍር የሚጫር ከሆነ የታችኛውን አትንኩ። ከዚያ ቱቦውን አውርዱና ክብደቱን ቀስ ብላችሁ ጫኑበት። 40 ሜትር አካባቢ ኳ ብሎ ካልተነቃነቀ ይዟል። ጥልቀቱን መዝገብ ላይ ጻፉ። ቀጣዩን ውታፍ ከዚያ ላይ ጀምሩ። የመጨረሻው ከመሬት አንድ ሜትር ሲቀረው ያቆማል፣ የቀረው በአፈር ይሞላል።