«ጌት ዘ ኖድ» የሚለውን የእንግሊዝኛ አነጋገር እንዴት መጠቀም ይቻላል?

የስፖርት ዜና በእንግሊዝኛ የምታነቡ ከሆነ «ኖድ» የምትባል ቃል ሳታጋጥማችሁ አልቀረችም። መዝገበ ቃላት ስትገልጡ «ራስ መነቅነቅ» ይላችኋል። ጣጣው የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው። በአማርኛ የተስማማም ራሱን ይነቀንቃል፣ በልጁ ጥፋት ያዘነም ይነቀንቃል። እኔም መጀመሪያ ሰሞን አሰልጣኙ ለአንድ ልጅ «ኖድ ሰጠው» የሚል ሳነብ፣ «ወይ አንተ!» ብሎ የታዘበው መስሎኝ ነበር።

ስለዚህ መጀመሪያ እንቅስቃሴውን አስተካክሉ። ኖድ ራስን ወደ ጎን ሳይሆን ወደ ታችና ወደ ላይ ማወዛወዝ ነው። እኛ ጋ ቅንድብ ከፍ፣ ትንፋሽ ሳብ ተደርጎ «እ» እንደሚባለው ያለ እሺታ ነው። በአማርኛ «ይሁንታ» ብላችሁ ያዙት።

ቀጥሎ ሰጪና ተቀባይን ለዩ። «ጊቭ ዘ ኖድ» ከሆነ ይሁንታውን የሰጠው ነው፤ አለቃ ወይም አሰልጣኝ። «ጌት ዘ ኖድ» ከሆነ ያገኘው ነው። «ዘ»ን አትዝለሉ። «ጊቭ ኤ ኖድ» ካላችሁ እኮ ራሱን ነቅነቅ አደረገ ማለት ብቻ ሊሆን ይችላል።

ከዚያ ያገኘው ምንድን ነው በሉ። ዕቅድ ከሆነ ጸደቀ ማለት ነው። ሰው ከሆነ ተመረጠ ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜም ቦታውን የሚፈልግ ሌላ ሰው እያለ። የ2014ቱን የብራዚል ዓለም ዋንጫ አስታውሱ። ሩብ ፍጻሜ ላይ ኔዘርላንድስና ኮስታሪካ 0 ለ 0 ሆነው ተጨማሪው ሰዓት ሊያልቅ ሲል፣ የኔዘርላንድስ አሰልጣኝ ሉዊ ቫን ኻል በረኛውን ሲለሰንን አስወጥቶ ቲም ክሩልን አስገባ። በመለያ ምቱ ክሩል ሁለት ፍጹም ቅጣት ምት አዳነ፤ ኔዘርላንድስም 4 ለ 3 አለፈች። ይህን በእንግሊዝኛ ስትሉት «ክሩል ጎት ዘ ኖድ ኦቨር ሲለሰን» ይሆናል። «ኦቨር» የምትለዋ «ከሲለሰን ይልቅ» የሚለውን ትሸከማለች። እኔ ከሁሉም የምወዳት እሷን ነው፤ የቀረውን ሰው በአንድ ቃል ታሳያለች።

የት ትጠቀሙበታላችሁ? ከጓደኛ ወይም ከሥራ ባልደረባ ጋር ስታወሩ። የሥራ ማመልከቻ ላይ ግን ተዉት፤ እዚያ «አፕሩቭድ» (ጸደቀ) ወይም «ሰሌክትድ» (ተመረጠ) ይሻላል።

የሚያሳስቱ ዘመዶችም አሉት። አንድ ተዋናይ «ኦስካር ኖድ» አገኘ ከተባለ ታጨ ማለት ነው፤ ሽልማቱን ገና አልወሰደም፣ እንኳን ደስ አለህ ለማለት አትቸኩሉ። እንግሊዞች አንድ ነገር «ኦን ዘ ኖድ» አለፈ ካሉ ያለ ክርክር ጸደቀ ማለታቸው ነው። ስብሰባ ላይ «ሂ ኖድድ ኦፍ» ከተባለ ግን የተመረጠም የጸደቀም የለም፤ ሰውየው አሸልቧል።