የታንታን ካርቶን፦ አሮጌ ኮሚክ ለቁራሌ ከመስጠታችሁ በፊት

ጅቡቲ ያለችው የአክስቴ ልጅ በሌሊት ደወለች። «አቦ፣ የአባትህን ካርቶን እንዳትነካው!» አንድ አሮጌ ኮሚክ፣ ያ በሥዕል የሚተረከው መጽሔት፣ 6 ሚሊዮን ዶላር ማውጣቱን ሰምታ ነው። ካርቶኑ በዚያው ሳምንት ለቁራሌ ሊሄድ ነበር። እማዬ ለበርበሬዋ ቦታ ፈልጋለች።

አባቴ የሽመንደፈር ሰው ነበር። ዕድሜውን የጨረሰው እዚሁ ድሬ፣ ባቡር መጠገኛው ውስጥ ነው። ፈረንሳይኛዬን ያስተማሩኝ አለቆቼና ታንታን፣ ያ የፈረንሳይኛ ኮሚክ ጀግና፣ ናቸው ይል ነበር። ከዚራ ሰፈር ይኖሩ የነበሩ ፈረንጆች ጓዛቸውን ጠቅልለው ሲሄዱ የተዉትን ኮሚክ ሁሉ በካርቶን ሰብስቧል። ስቆጥረው 43 ሆነ። ሁለት ቀን ከካርቶኑ ጋር ተቀመጥኩ። እናንተም ቤት እንዲህ ያለ ካርቶን ካለ እንዲህ አድርጉ።

መጀመሪያ ልባችሁን አረጋጉ። 6 ሚሊዮን ያወጣው ሱፐርማን ለመጀመሪያ ጊዜ የታየበት «አክሽን ኮሚክስ» ቁጥር 1 ነው። እ.ኤ.አ. በ1938 ሲወጣ ዋጋው 10 ሳንቲም ነበር፤ በ2024 ነው በዚህ ዋጋ የተሸጠው። ያኔ ልጆች አንብበው ይጥሉታል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደግሞ አሜሪካ ውስጥ አሮጌ ወረቀት ሲሰበሰብ ብዙ ኮሚክ አብሮ ሄደ። የተወደደው ጥቂት ስለተረፈ ነው። በተቃራኒው በ1991 የወጣው «ኤክስ ሜን» ቁጥር 1 ከ8 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሽጧል። ሁሉም ሰው «አንድ ቀን ያበላኛል» ብሎ በላስቲክ አስቀመጠው። ዛሬም ርካሽ ነው። አሮጌ መሆን ብቻውን ዋጋ አያመጣም።

ሰብሳቢዎች የሚያሳድዱት አንድ ገጸ ባሕርይ መጀመሪያ የታየበትን ቁጥር ነው። ብላክ ፓንተር መጀመሪያ የታየው በ1966፣ «ፋንታስቲክ ፎር» ቁጥር 52 ላይ ነው። እንዲህ ዓይነቱ ቁጥር ፊልም ይሠራል በተባለ ማግስት ዋጋው ይዘላል። ፊልሙ ከወጣ በኋላ ብዙ ጊዜ ይቀዘቅዛል። በኮሮና ጊዜም ሰው ቤት ተዘግቶበት ሲገዛ ዋጋው ጣራ ነካ፤ ከ2022 ወዲህ ብዙው ወረደ። ስለዚህ የኮሮና ጊዜን ዋጋ ይዞ የሚነግራችሁን ሰው አትመኑ።

ቀጥሎ የታተመበትን ጊዜ ፈልጉ። እኔ የተሸወድኩት እዚህ ላይ ነው። አባቴ በጣም የሚወደው ታንታን ወደ ፔሩ የሚሄድበትን መጽሐፍ ነበር። ውስጡ 1949 ይላል። «አገኘሁ!» ብዬ ለአክስቴ ልጅ ፎቶ ላክሁ። «ጀርባውን ገልብጥ» አለችኝ። የኋላ ሽፋኑ ላይ ያሉት የታንታን መጻሕፍት ዝርዝር አለ። የዝርዝሩ መጨረሻ ወደ ሲድኒ የሚበረው አውሮፕላን ታሪክ ነው፤ እሱ የወጣው ደግሞ በ1968። ስለዚህ የኔ ቅጂ ከ1968 በፊት ሊታተም አይችልም። ውስጥ ያለው ዓመት ታሪኩ መጀመሪያ በመጽሐፍ የወጣበት ነው እንጂ የእጃችሁ ቅጂ የታተመበት አይደለም። ለአስቴሪክስም፣ ለሌላው የፈረንሳይኛ ኮሚክ፣ ይህንኑ አድርጉ፤ የመጨረሻውን ርዕስ እዩ።

የአሜሪካ ኮሚክ ከሆነ ሽፋኑ ላይ ያለው ዋጋ ይነግራችኋል። 10 ሳንቲም ካለ በአብዛኛው ከ1962 በፊት ነው። 12 ሳንቲም ከሆነ የ1960ዎቹ። እኛ ካርቶን ውስጥ እንዲህ ያሉ ሁለት ተገኙ፤ አጎቴ አሥመራ ከነበረው የአሜሪካኖች ጦር ሰፈር፣ ከቃኘው ጣቢያ፣ እዚያ ከሚሠራ ወዳጁ ያመጣቸው። አንደኛው ውስጥ ማስታወቂያው ላይ ያለው ኩፖን በመቀስ ተቆርጧል። ከጀርባው ያለው ሥዕልም አብሮ ጎደለ፤ ዋጋውም እንደዚያው።

ስለዚህ ገጽ በገጽ ቁጠሩ። የጎደለ፣ የተቆረጠ፣ ልጅ የቀለመው ካለ ጻፉት። መሃሉን የያዘው ሽቦ ዝጓል? ሽፋኑ ተላቋል? ሰብሳቢዎች ሁኔታውን ከ10 ነጥብ ነው የሚለኩት፤ ያ የ6 ሚሊዮኑ እንኳ 8.5 ነው ያገኘው። አንድ ነጥብ መውረድ ዋጋውን በግማሽ ሊቆርጠው ይችላል።

ከሁሉ በላይ ግን አትጠግኑ! ስምንተኛ ክፍል ሆኜ የዚያን የፔሩ መጽሐፍ የተሰነጠቀ ጀርባ በፕላስተር አጣብቄው ነበር። ያኔ አባቴ «ጎበዝ» አለኝ። ዘንድሮ ሳየው ፕላስተሩ እንደ ሻይ ቡኒ ሆኗል፤ ሙጫው ወረቀቱ ውስጥ ገብቶ ዘይት የነካው አስመስሎታል። በጥፍሬ ቀስ ብዬ ላነሣው ስሞክር የታንታንን ወዳጅ፣ የካፒቴኑን ፂም ይዞ ተነሣ። ቤንዚን፣ ካውያ፣ እርጥብ ጨርቅ፣ ምንም አታስነኩት።

ዋጋ ስትፈልጉ ሻጭ የጠየቀውን ትታችሁ ገዢ የከፈለውን እዩ። ኢቤይ በሚባለው የኢንተርኔት ገበያ ላይ የተሸጡትን ብቻ ለይቶ የሚያሳይ ምርጫ አለ። አንድ ሰው 2 ሺህ ዶላር ብሎ የለጠፈው መጽሐፍ በ15 ዶላር ሲሸጥ አይቻለሁ። ነጥብ የሚሰጡ ድርጅቶች ያስከፍላሉ፣ የፖስታም አለ፤ ለ15 ዶላር መጽሐፍ ይህን ሁሉ ማውጣት ኪሳራ ነው።

እስክትሸጡ ድረስ ደግሞ የድሬን ሙቀት አትርሱ። ርካሽ ወረቀት በተፈጥሮው አሲድ አለበት፤ ሙቀትና ብርሃን ሲያገኘው ቶሎ ይቢጫል፣ ይሰባበራል። ቆርቆሮው ሥር፣ መስኮት አጠገብ አይቀመጥ። መሬት ላይም አይሁን፤ ምስጥ አለ። በ1998 ዓ.ም. የደቻቱ ጎርፍ ምን እንዳደረገን የምታስታውሱ ደግሞ ሌላ ምክንያት አያስፈልጋችሁም። የሚሸት ለስላሳ ላስቲክ ከቀለሙ ጋር ይጣበቃል፤ ደረቅ ያለውን ምረጡ። ከኋላው ካርቶን ደግፉለት።

ከ43ቱ ውስጥ ሊሸጡ የሚችሉ ሦስት ብቻ ተገኙ። ለእማዬ ነገርኳት። በርበሬዋን እያበጠረች ቀና አለችና «40ውስ? ቁራሌው ነገ ይመጣል» አለችኝ።