ከሃምሳ በኋላ በአሜሪካ «ሊቭ ኢን» ሆኖ አረጋውያንን መንከባከብ

በሃምሳዎቹ ዕድሜያቸው ዲቪ ደርሷቸው ወይም ልጆቻቸው ወስደዋቸው አሜሪካ የሚገቡ እናቶች ፈጥነው ከሚያገኟቸው ሥራዎች አንዱ አረጋዊ ቤት እያደሩ መንከባከብ፣ ሁሉም «ሊቭ ኢን» የሚለው ሥራ ነው። ማስታመም ለእነሱ አዲስ አይደለም፤ እናት አባት ጦረው፣ አራስ አርሰው የመጡ ናቸው። የሚጥላቸው ወገባቸውና ወረቀቱ ነው። እኛም በእነዚህ ላይ እንቆያለን።

ግሪን ካርድ ወይም የሥራ ፈቃድ ካርድ ሳይያዝ ሥራው አይጀመርም። በጉብኝት ቪዛ የገባ ሰው «በካሽ ነው፣ ማን ያውቃል» ቢባልም መሥራት አይፈቀድለትም። ቀጥሎ ስልጠናው ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ለፐርሰናል ኬር ኤይድ (በማጠብ፣ በማልበስ፣ በማብላት ለሚረዳ ሠራተኛ) 40 ሰዓት ይበቃል። ከሜዲኬር (መንግሥት በዋናነት ለአረጋውያን ከሚሰጠው የጤና መድን) ጋር በሚሠራ ኤጀንሲ ሆም ኸልዝ ኤይድ (በነርስ ክትትል ቤት ድረስ ሄዶ የሚንከባከብ ሠራተኛ) ለመሆን ግን የፌዴራሉ ደንብ ቢያንስ 75 ሰዓት ይጠይቃል፤ ከዚያ ውስጥ 16ቱ የተግባር ልምምድ መሆን አለበት። ለትምህርት ቤቱ ከመክፈልዎ በፊት ሰርተፊኬቱ በሚሠሩበት ስቴት ተቀባይነት እንዳለው ይጠይቁ። ቨርጂኒያ ተምሮ፣ የፖቶማክን ወንዝ ተሻግሮ ሜሪላንድ ወይም ዲሲ ሲደርስ ወረቀቱ የማይሠራለት ሰው እንደገና ይከፍላል።

የቲቢ ምርመራም አለ። አገር ቤት የቢሲጂ ክትባት የተከተበ ሰው (ብዙ ጊዜ ክንድ ላይ ጠባሳ ይተዋል) በቆዳ ላይ የሚደረገው ምርመራ በሽታው ሳይኖርበት «አለብህ» ሊለው ይችላል። ከመወጋትዎ በፊት መከተብዎን ተናግረው በደም የሚሠራውን ምርመራ ይጠይቁ።

የሚሠሩበት ቤት ሲሰጥዎ ወዲያው «እሺ» አይበሉ። የሚንከባከቧቸው ሰው ክብደታቸው ስንት ነው? በራሳቸው እግር ይቆማሉ? ሌሊት ስንት ጊዜ ይነሳሉ? የማድርበት ክፍል በር አለው? በእረፍት ቀኔ ማን ይተካኛል? ይህን መጠየቅ ነውር አይደለም። ጭራሽ መቆም የማይችሉ 90 ኪሎ የሚመዝኑ ሰው ከሆኑ ማንሻ መሣሪያ ሳይኖር ብቻዎን አይግቡበት፤ በዚህ ዕድሜ አንዴ የተጎዳ ወገብ በቀላሉ አይመለስም።

በትንሹም ቢሆን መቆም የሚችሉትን ከአልጋ ወደ ዊልቸር የሚያዛውሩት እንዲህ ነው። ዊልቸሩን ከአልጋው ጎን ጠጋ አድርገው፣ ሰውየው በሚበረቱበት ጎን ያቁሙ። የሁለቱንም ጎማ ፍሬን ይያዙ፤ የእግር ማሳረፊያውን ወደ ጎን ያዙሩ። ሰውየውን አልጋው ጫፍ ላይ አስቀምጠው አንድ ሁለት ደቂቃ ይጠብቁ። ከተኙበት ድንገት የተነሱ አረጋዊ የደም ግፊታቸው ወርዶ ዞሮባቸው ይወድቃሉና። የማይንሸራተት ጫማ ያድርጉላቸው፤ ካልሲ ብቻ በእንጨት ወለል ላይ እንደ በረዶ ነው። ጌት ቤልት የሚባለውን ሰፊ ቀበቶ ከልብስ በላይ ወገባቸው ላይ ያጥብቁ፤ ጣትዎ ከሥሩ የሚገባ ያህል ይላላ። ከዚያ እግርዎን ከፈት አድርገው ከጉልበትዎ ዝቅ ይበሉ፣ ወደ ፊት ዘንበል እንዲሉ ይንገሯቸው፣ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ብላችሁ አብራችሁ ተነሡ፤ በትንንሽ እርምጃ አዙረው ያስቀምጧቸው። በብብታቸው ይዘው አይጎትቱ፣ ትከሻቸው ይወልቃል። አንገትዎን እንዲያቅፉም አይፍቀዱ፤ ሲንሸራተቱ ሙሉ ክብደታቸው በእርስዎ አንገት ላይ ይወርዳል። ከወደቁ ደግሞ ለማንሳት አይታገሉ፤ 911 ይደውሉ። የቤቱን አድራሻ በትልቁ ጽፈው ፍሪጁ ላይ ይለጥፉ፤ በድንጋጤ ሰዓት እንግሊዝኛው ይጠፋል።

ሲያለብሷቸው ከደካማው እጅ ይጀምሩ፣ ሲያወልቁ ከጠንካራው። ከአልጋ የማይነሱ ከሆነ በየ2 ሰዓቱ ያገላብጧቸው፤ ተረከዝ፣ ዳሌና ከወገብ በታች ያለው አጥንት ላይ ሲጫኑት የማይጠፋ መቅላት ካዩ ቁስል እየጀመረ ነውና አይሹት፣ ለነርሷ ይንገሩ።

የእኛ ሰው በተለይ የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ፤ ሰዓት። መድኃኒቱ ላይ 8 ኤኤም ከተባለ በእኛ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው። በቃል የነገሯችሁን በሐበሻ ሰዓት አስባችሁ ለመጻፍ አትሞክሩ፤ ማስታወሻውም ስልኩም በፈረንጅ ሰዓት ብቻ ይሁን። መድኃኒት ማስታወስና መስጠትም አንድ አይደሉም፤ የትኛው እንደተፈቀደልዎ ኤጀንሲው በጽሑፍ እንዲነግርዎ ይጠይቁ።

አሁን ወደ ገንዘቡ። በፌዴራል ደንብ 24 ሰዓት የሚያድር ሠራተኛ አስቀድሞ ከተስማማ እስከ 8 ሰዓት የእንቅልፍ ጊዜ ከክፍያው ሊቀነስ ይችላል፤ ግን ቀስቅሰውት ከተነሳ የተነሳበት ይከፈለዋል፣ ጠቅላላ 5 ሰዓት እንኳ ካልተኛ ደግሞ ሌሊቱ በሙሉ እንደ ሥራ ይቆጠራል። ስለዚህ የተነሡበትን ሰዓትና ምክንያቱን በደብተር ይመዝግቡ። ከ24ቱ 8ቱ የእንቅልፍ ሲቀነስ 16 ሰዓት ይቀራል፤ ሰዓቱ በ15 ዶላር ከሆነ 240 ዶላር ነው፤ «በቀን 150» የሚልዎ ሰው ሰዓቱን ወደ 9 ዶላር ከ40 ሳንቲም እያወረደው መሆኑን ያስሉ።

ከሁሉ በላይ በካሽ አይቀጠሩ። ለሶሻል ሴኩሪቲ (ለመንግሥት) ጡረታ 40 ክሬዲት፣ ማለትም ከተመዘገበ ገቢ የሚገኝ ነጥብ፣ ያስፈልጋል፤ በዓመት ከ4 በላይ ስለማይገኝ 10 ዓመት ማለት ነው። በ2025 አንዱ ክሬዲት 1,810 ዶላር ገቢ ነበር፣ አራቱ 7,240። በ52 ዓመት የጀመረ ሰው በየዓመቱ አራቱን ከሞላ በ62 ይደርሳል፤ በ65 የሜዲኬርን የሆስፒታል ክፍልም በየወሩ ሳይከፍል ያገኛል። በካሽ ተከፍሎ ያልተመዘገበ ዓመት ግን እንዳልተሠራ ይቆጠራል። በየዓመቱ መጀመሪያ ደብሊው-2 (አሠሪው ያለፈውን ዓመት ደመወዝና የተቆረጠውን ግብር የሚያሳይበት ወረቀት) ይጠይቁ፣ በሶሻል ሴኩሪቲ አካውንትዎም ገብቶ እንደሆነ ይዩ።

የሚንከባከቧቸው ሰው ሲያርፉ ወይም ነርሲንግ ሆም ሲገቡ ሥራውም መኝታውም በአንድ ቀን ይሄዳል። ይህ ሊቭ ኢን ላይ ሳይታሰብ የሚመጣ ከባዱ ነገር ነው፤ በሐዘን መሐል ሻንጣ ማሰር። ውል ሲፈርሙ ሥራው ካለቀ በኋላ ቢያንስ 2 ሳምንት መቆየት እንደሚችሉ ያስጽፉ፤ ፖስታዎንም ከጅምሩ በልጅዎ ወይም በዘመድ አድራሻ ያድርጉት።